የፎርማኑ ቱቦ

ድሪሉ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኾ ቆመ። ቴክኒሻኗ መሰላሉ ጫፍ ላይ እንደቆመች መሣሪያውን መልሳ ሳበችው፤ ከጣሪያው የረገፈው ነጭ አቧራ ፀጉሯ ላይ፣ መነጽሯ ላይ፣ ሶፋው ላይ በተደረበው አሮጌ አንሶላ ላይ ወረደ።

«ፌሮ ነው» አለች። «እዚህም ፌሮ ነው።»

«እንግዲህ ሶሌታ ያለ ፌሮ አይቆምም» አሉ ፎርማኑ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«አባቴ፣ ቤት ነው የሠሩት ወይስ ድልድይ?»

ፎርማኑ ሳቁ። ሳቁ የኩራት ነበር፤ ትንሽ ደግሞ የጥፋተኛ ሰው ሳቅ ነበረበት። ድሪሉ በገባበት ቦታ ዋናው ቢም፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ኮንክሪት፣ እንደሚያልፍ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ብረቱን ያሳሰሩት፣ ኮንክሪቱን ያስሞሉት፣ እንዳይሰነጠቅ ቀን ከሌት ውሃ ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ቴክኒሻኗ «የቱ ጋ ብበሳ ይሻላል?» ስትላቸው ግን ጣታቸውን አንስተው በቀጥታ ወደ ቢሙ ጠቆሙ። ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው፣ ሦስት ጊዜም ብረት ወዳለበት ላኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ሰፈሩ ሁሉ «ፎርማኑ» ነው የሚላቸው። ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ቢያልፍም ስሙ ጡረታ አልወጣም። ለሌላው ሰው ስንት ሕንፃ ሲያቆሙ ኖረው የራሳቸውን ቤት የሠሩት በየእረፍት ቀናቸው ነው፤ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። ምድር ቤቱን ለራሳቸውና ለባለቤታቸው፣ አንደኛ ፎቁን ለወንድ ልጃቸው፣ ሁለተኛ ፎቁን ለሴት ልጃቸው ብለው አሰቡ፤ እንዳሰቡትም ሆነላቸው። ሌላው በአሥራ አምስት ሳንቲ ብሎኬት የሚገነባውን ግድግዳ እሳቸው በሃያ ገነቡት። የፎቆቹን ወለል፣ ሶሌታውንም፣ ያለ ልክ አወፈሩት። «አበዛኸው» ያላቸውን ሁሉ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እያሉ መለሱት።

ያ ውፍረት ነው እንግዲህ ጉድ ያፈላው። የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው በምድር ቤቱ ሳሎን ነው። ራውተሩ ቡፌው ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል። ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩ እንደ ልብ ነው፤ ደረጃው ላይ ይዝላል፤ አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ነፍሱ ትወጣለች። ሁለተኛ ፎቅማ ወሬውም የለ። አምና ወንድ ልጃቸው ማራዘሚያ የሚባል ነጭ ዕቃ ገዝቶ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሰክቶ ነበር። ዕቃው ሁለት ወር ሙሉ ቀይ መብራት ሲያበራ ከረመና ተነቀለ።

ስለዚህ ማታ ማታ ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል። የልጅ ልጃቸው የጌም ማሽኗን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አያይዛ ምንጣፉ ላይ ትዘረጋለች። ሴት ልጃቸው ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ሶፋው ጥግ እግሯን አጥፋ፣ ተከታታይ ፊልሟን በስልኳ ታያለች። ወንድ ልጃቸው ኳስ ሲኖር ከገዛ ልጁ ጋር ለሪሞት ይጣላል። ምራታቸው ደግሞ «ለሥራ ነው» እያለች ላፕቶፗን ይዛ ትወርድና የሰው ሠርግ ፎቶ ስታይ ታመሻለች። ማንም ከማንም ጋር ብዙ አያወራም፤ ቢሆንም እዚያው ናቸው። ፎርማኑ «ቤቴን ስታዲየም አደረጋችሁት!» እያሉ ያጉረመርማሉ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምረው ትራሶቹን እያራገፉ፣ ለልጅቷ ምንጣፉን እያነጠፉ የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። በእነዚህ አራት ዓመታት ቀን እንዴት እንደሚረዝም የሚያውቁት ፎርማኑና ግድግዳው ብቻ ናቸው። ቀኑን የሚችሉት ማታው ስላለ ነው።

ባለፈው እሑድ ወንድ ልጃቸው እጁን እያፋተገ መጥቶ፣ «አባዬ፣ እንግዲህ ተገላገሉ! ባለሙያ ቀጥሬያለሁ። በየፎቁ ኬብል ይገባል፤ ሁሉም በየቤቱ ያያል። እርስዎም ዜናዎን በሰላም ያዩልናል» አላቸው።

ፎርማኑ «ተባረክ» ብቻ ነው ያሉት። ሌላ ምን ይባላል? «ስታዲየም አደረጋችሁት እያልኩ የምጮኸው ውሸቴን ነው» ይባላል?

የቴክኒሻኗ ስልክ ጠራ። ወንድ ልጃቸው ነበር፣ ከቢሮው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን መሰላሉ ላይ አስቀመጠችው።

«እንዴት ነው? ገባ?»

«አልገባም። አባትዎ ፌሮ ዘርተውበታል።»

ልጅየው ሳቀ። «ድሮ እኮ ቱቦ ነበር፤ ከሳሎን እስከ ላይኛው ፎቅ የሚሄድ ባዶ ቱቦ። አባዬ ለወደፊት ሽቦ ብለው ከሶሌታው ጋር ቀብረውት፣ እናታችን የምግብ መጥሪያ አደረገችው። ቡፌው አጠገብ ጎንበስ ትልና "እራት ቀርቧል!" ስትል ላይ ድረስ ይሰማ ነበር። በኋላ ቤቱ ቀለም ሲቀባ አባዬ በሲሚንቶ ሞሉት። አይደል አባዬ?»

ፎርማኑ ወደ ስልኩ ቀና አሉ። «ሞልቼዋለሁ» አሉ።

«ይኸውልሽ። እሱ ቢኖር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።»

ፎርማኑ ቱቦውን አልሞሉትም። ባለቤታቸው ባረፉ በሁለተኛው ወር፣ ቀለም ቀቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በአንድ ጠዋት በሳሎኑና በሁለቱ ፎቅ ያሉትን ሦስቱንም አፎች ጋዜጣ ጠቅጥቀው በጂፕሰም ደፈኗቸው። ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም፤ እራት በሚቀርብበት ሰዓት ዓይናቸው ወደዚያ ቀዳዳ እየሄደ አስቸገራቸው። «በሲሚንቶ ሞልቼዋለሁ» ያሉትም ማንም መልሶ እንዳይከፍተው ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሳቸው ውሸት አራት ዓመት ሳይነቃነቅ ኖሮ ዛሬ ገና መቅለል ጀመረ።

ቴክኒሻኗ ከመሰላሉ ወርዳ መነጽሯን በሸሚዟ ጠረገች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ሥራ የማትጠላ ልጅ ናት። ከጠዋት ጀምሮ አንዴ እንኳ ፊቷን አላጨማደደችም፤ ፎርማኑን ያሳፈራቸውም ይኸው ነው።

«እሺ፣ በውጭ በኩል እሞክረዋለሁ» አለች። «ከላይኛው በረንዳ ኬብሉን ወደ ታች ጥዬ በየመስኮቱ አስገባዋለሁ። በረንዳውን ያሳዩኛል?»

ፎርማኑ ደረጃውን ሲወጡ በየሦስት እርምጃው ያርፋሉ። ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ደረጃው ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ያኔ በጉልበታቸው ዘመን ቦታ ለመቆጠብ ብለው ሲያቆሙት ማን ያረጃል ብለው አስበው? ልጆቻቸው ወደ እሳቸው ይወርዳሉ እንጂ እሳቸው ወደ ልጆቻቸው አይወጡም፤ የቤቱ ወግ እንዲያ ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛ ፎቅ ከደረሱ ዓመት አልፏቸዋል።

በመለዋወጫ ቁልፍ ከፍተው ገቡ። ሴት ልጃቸው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በዚህ ሰዓት ባንኮኒው ጋ ቆማ መድኃኒት ታድላለች። ቤቷ ፀጥ ብሏል። ቴክኒሻኗ በቀጥታ ወደ በረንዳው ስትሄድ ፎርማኑ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ መሀል ላይ ቆሙና ዙሪያቸውን አዩ።

ግድግዳው ላይ ለቴሌቪዥን የሚሆን ማንጠልጠያ ተሰክቷል። ቴሌቪዥኑ ግን ከነካርቶኑ ከሥሩ ተቀምጧል፤ ካርቶኑ ላይ አቧራ ተኝቷል። ከፊት ለፊቱ ረጅም፣ እግር የሚዘረጋበት ወንበር አለ። በአንድ በኩል ትንሽ መብራት፣ በሌላው በኩል ለብርጭቆ የሚሆን ጠረጴዛ፣ በጀርባው በኩል የታጠፈ ብርድ ልብስ። ሁሉም ተዘጋጅቶ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጧል።

ፎርማኑ ወንበሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ማታ ስትመጣ እግሯ ያብጣል፤ ይህን ያውቃሉ። አባቷ ፊት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ግን አታውቅም። እሳቸው ከልክለዋት አይደለም፤ እናቷ ያስለመደቻት አክብሮት ነው። ለአራት ዓመት ማታ ማታ ሶፋው ጥግ ያንን ያበጠ እግር አጥፋ የምትቀመጠው የአባቷ ናፍቆት ይዟት መስሏቸው ነበር። ለካ የያዛት ሶሌታው ነው።

«አባቴ፣ ኬብሉን ይያዙልኝ እስቲ!» የሚል ድምፅ ሰሙና ወደ በረንዳው ወጡ።

ቴክኒሻኗ የበረንዳውን ብረት ተሻግራ ነበር። አንድ እግሯ ከብረቱ ውጭ በቀረችው ጠባብ ጠርዝ ላይ ነው፣ ሌላው እግሯ ወደ መስኮቱ መደገፊያ ሊሻገር ተዘርግቷል። ወገቧ ላይ ምንም የለም።

«ተመለሽ!»

ልጅቷ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእኒህ ሽማግሌ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም። «ችግር የለውም፣ ሁልጊዜ ነው የም...»

«ተመለሽ አልኩ! ሁለት እጅሽን ብረቱ ላይ! ቀስ ብለሽ። ወደ ታች አትዪ። እንዲያ።» ክንዷን ይዘው እስክትሻገር ድረስ አልለቀቋትም። ከተሻገረች በኋላም ትንሽ ቆዩ። «በእኔ ሳይት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ገመድ ፎቅ የወጣ የለም። አንድም ሰው አልቀበርኩም። አሁን በስተርጅና በአንቺ ልጀምር?»

«ይቅርታ አባቴ።»

«ይቅርታውን ለእናትሽ ያዥው።»

ልጅቷ እጆቿን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ከኪሷ የታጠፈ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። «እንግዲህ በውስጥ ብረት ነው፣ በውጭ እርስዎ አይሆንም አሉ። ሌላ መንገድ የለኝም። "አልተቻለም" ብዬ ልጻፍና ይፈርሙልኝ?»

ፎርማኑ ወረቀቱን አዩ። አንዲት ፊርማ ናት። ፈርመው ቢወርዱ ማታ ሁሉም ይመጣል፤ የልጅ ልጃቸው ምንጣፉ ላይ፣ ወንድ ልጃቸው ከሪሞቱ ጋር፣ ምራታቸው ከሠርጓ ጋር። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ማንም አይጠይቃቸውም። ጥፋቱ የፌሮው ነው።

በተከፈተው በር ያ ረጅም ወንበር ይታያል።

«ተይው፣ አትጻፊ» አሉ። «መዶሻና መሮ ይዘሻል?»

ሳሎን ወርደው ቡፌውን ሁለት ሆነው ከግድግዳው አላቀቁት። ፎርማኑ ባዶውን ግድግዳ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ሄዱ። ደፍ፣ ደፍ፣ ደፍ፤ ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «እዚህ ጋ» አሉና መሮውን ራሳቸው ያዙ። በአራተኛው ምት ጂፕሰሙ ተሰነጠቀ፣ በስድስተኛው ረገፈ። ቴክኒሻኗ የተጠቀጠቀውን ጋዜጣ ስባ ስታወጣ ከኋላው ክብ፣ ጥቁር፣ ንጹሕ ቀዳዳ ታየ።

«ተሞልቷል አላሉም?»

«ረስቼው ነው። የሽማግሌ ነገር።»

«ፌሮው የት የት እንዳለ አልረሱም፤ ቱቦውን ብቻ ረሱት?»

ፎርማኑ የረገፈውን ጂፕሰም በእጃቸው ሰበሰቡ። ልጅቷም አልደገመችውም። ዓይኗን አንስታ በሦስት ቦታ የተበሳውን ጣሪያ አየች፤ ከዚያ ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተጠቀለለውን የጌም ማሽን ሽቦ አየች። «መካከለኛውንና የላይኛውን አፍ የት አገኛቸዋለሁ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከበሩ ማዕዘን ወደ ግራ ሁለት ክንድ፣ ከወለሉ ሦስት ስንዝር። በሁለቱም ፎቅ እኩል ነው። በውሃ ልክ ነው የሠራሁት።»

መሮውን ይዛ ወጣች። አንደኛ ፎቅ ስታንኳኳ፣ ቀጥላ ሁለተኛ ፎቅ ስታንኳኳ በቱቦው ውስጥ ይሰማ ነበር፤ አቧራና የጂፕሰም ፍርፋሪ እየተንሸራተተ ፎርማኑ እግር ሥር ይወርዳል። ከዚያ ፀጥ አለ። ኬብሉን በእጃቸው ይዘው፣ በደህናው ጉልበታቸው ተንበርክከው ጠበቁ።

«ይሰማዎታል?» አለ ቱቦው።

የሴት ድምፅ ነው። ከሩቅ የሚመጣ፣ ትንሽ የሚያስተጋባ፣ ግን ጆሮ ሥር የተነገረ የሚመስል። ፎርማኑ ኬብሉን እንደያዙ የቱቦውን አፍ አዩ። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቱቦ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ባለቤታቸው ናፈቋቸው፤ ሌላ ስም የለውም፣ ናፈቋቸው። ያውም ሲስቁ ወይም ሲታመሙ ሳይሆን፣ ቡፌው አጠገብ አጎንብሰው፣ ሽርጣቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ ግድግዳ ሲጮኹ።

«አባቴ? ይሰማዎታል?»

«እሰማለሁ» አሉ።

«የመሳቢያውን ሽቦ ጥዬዋለሁ፣ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ኬብሉን ሲያስሩ ልሳብ?»

ኬብሉን አሰሩ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት። «ሳቢ» አሉ፣ ኬብሉም ከእጃቸው እየተንሸራተተ ወደ ላይ ሄደ።

የቀረው ቀላል ነበር። ቴክኒሻኗ በየፎቁ ትንሽ ነጭ ሳጥን ሰቀለች፣ ሽቦዎቹን ሰካች፣ በስልኳ ፈተሸች። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ወዲያው ሥራ ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካርቶኑን ከፍታ፣ ፎርማኑ ከታች እየደገፉላት፣ ቴሌቪዥኑን ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው። ከመውረዳቸው በፊት ፎርማኑ ረጅሙን ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው ከቴሌቪዥኑ ጋር አስተካከሉት።

ስትሄድ ደጃፍ ላይ ቆመች። «የቱቦውን አፎች ልድፈናቸው? ጂፕሰም መኪናዬ ውስጥ አለ።»

«ጂፕሰም የእኔ ሥራ ነው። ስጪኝና ሂጂ።»

ትንሿን ፌስታል ሰጠቻቸው። «ይሄኛው ቶሎ ነው የሚደርቀው፣ አባቴ። ከበጠበጡት አሥር ደቂቃ አይሰጥዎትም።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!»

እሷ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። መኪናዋ ከመንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ በር ላይ ቆመው አዩዋት።

ማታ ላይ አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ የልጅ ልጃቸው። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሳሎን ገብታ የጌም ማሽኗን ከቴሌቪዥኑ ነቀለች፣ ሽቦዎቹን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። በቤቱ ውስጥ እሳቸውን «አንተ» የምትላቸው እሷ ብቻ ናት።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቲቪህን ማንም አይነካብህም!»

«እሰይ» አሉ ፎርማኑ። «አረፍኩ።»

ጉንጫቸውን ሳመችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ቀጥሎ ወንድ ልጃቸው ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ቀዳዳውን አይቶ «አልተሞላም ነበር እንዴ?» ብሎ ተገረመና፣ መልሱን ሳይጠብቅ ራውተሩን አይቶ፣ መብራቶቹን ቆጥሮ፣ የአባቱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። ምራታቸው እራታቸውን በክዳን ዕቃ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ወደ ግድግዳው አየችና፣ «አባባ፣ ቀዳዳው እንዲህ አይቀርም አይደል? በረሮ ይገባበታል» አለች።

«አሁን እደፍነዋለሁ። ሦስቱንም አፍ።»

«ቡፌውን ነገ እሱ ይመልስልዎታል፣ ብቻዎን እንዳይገፉት።»

በመጨረሻ ሴት ልጃቸው መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ እግሯ አብጧል። ሶፋው ጥግ እንደ ልማዷ ልትቀመጥ ብላ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ተሰቀለ እንዴ? የኔው?»

«ተሰቅሏል። ሂጂ እዪው።»

«እርስዎስ? ብቻዎን...»

«እኔ ዜና አለኝ። ሂጂ አልኩሽ፣ እግርሽን ዘርጊ።»

ልጅቷ የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ወጣች። ፎርማኑ እርምጃዋን እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ቆጠሩት፤ ስንት ደረጃ እንዳለ ያውቁታል።

ዜናው ተጀመረ። ዜና አንባቢው ስለ ዝናብና ስለ ስብሰባ ያወራል። ሪሞቱ እጃቸው ላይ ነው፣ የሚጣላቸው የለም። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ትራሶቹ ተራግፈዋል፤ ለማን እንዳራገፏቸው እንጃ፣ እጃቸው ከልማዱ ነው ያራገፈው። እራታቸውን ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ከደኑት። ብቻቸውን ናቸው፤ ቀኑ ማታውን ዋጠው።

«ሥራ ይሻላል» አሉ ድምፅ አውጥተው።

ከጓዳ አሮጌ ጎድጓዳ ሳህን አመጡ፣ ውሃ አደረጉ፣ ጂፕሰሙን ከላይ በጣታቸው እየነሰነሱ ጨመሩ። ውሃው ከጠጣ በኋላ በስፓቱላ በጠበጡት። እጃቸው አልረሳም፤ ከታች ጓል የለው፣ ከላይ ውሃ የለው፣ እንደ እርጎ ሆነ። ሳህኑን ይዘው ቡፌው የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ተንበረከኩ። ስፓቱላውን ሞልተው ወደ ቀዳዳው አስጠጉት።

«አባዬ፣ ዞር በልልኝ፣ ሸፈንከኝ!» አለ ቱቦው።

የልጅ ልጃቸው ናት። «ግባ! ግባ! ኧረ ግባ!» የሚለው የአባቷ ድምፅ ተከተላት። ምራታቸው ሳቀች። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁሉም በአንድነት ጮኹ፤ ጎል ገብቷል ማለት ነው፣ ወይም ተስቷል።

ፎርማኑ ስፓቱላውን መለስ አደረጉት። ጩኸቱ ረገብ ሲል ሌላ ድምፅ መጣ፣ ከሱ የራቀ፣ ከላይ። ሴት ልጃቸው እየሳቀች ነበር። ብቻዋን፣ የምታየው ነገር አስቋት፣ ከልቧ። በእሳቸው ፊት ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እንዲህ ያለ ሳቋን ከልጅነቷ ወዲህ መስማታቸውን አያስታውሱም። ሳቁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ መጣ።

አፋቸውን ወደ ቱቦው አስጠጉ። ምን ይበሉ? «እራት ቀርቧል» እንዳይሉ ያቀረቡት እራት የለም። «እኔም አለሁ» ቢሉ ደግሞ ሁሉም ተደናግጠው በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ ዛሬ ይወርዳሉ፣ ነገም ይወርዳሉ፣ ሴት ልጃቸውም እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች። አፋቸውን ከቱቦው መለሱ።

ሳህኑን አዩ። ጂፕሰሙ ዳር ዳሩን መያዝ ጀምሯል። በሥራ ዘመናቸው አንድ ሳህን ጂፕሰም ያደረቀን ሠራተኛ ምን ይሉት እንደነበር ያውቃሉ፤ ሁለተኛ ሳይታቸው ላይ አይታይም ነበር። አሁንም ጊዜ አለ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ስፓቱላውን ወለሉ ላይ አኖሩት። ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ወንበራቸውን በአንድ እግሩ እየጎተቱ አምጥተው ግድግዳው ሥር፣ ቀዳዳው አጠገብ አስቀመጡትና ጆሯቸውን ወደ እሱ አድርገው ተቀመጡ።

ላይ እንደገና ጮኹ፤ ይሄኛው ጎል ነው።

ፎርማኑ በጣታቸው ጂፕሰሙን ነካ አደረጉት። ድንጋይ ሆኗል። ነገ ምራታቸው «አልደፈኑትም እንዴ?» ስትላቸው፣ «ደረቀብኝ» ይሏታል።